ዝም ብለሽ ንጂ

አራዳ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጎይቶም፣ ጁባ

ጎይቶምዬ፣ ጤናህ እንዴት ነው? ሙቀቱ ትንሽ በረደልህ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዊንታ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። እናትህን አደይ ትብለጽን ዝናቡ ሲመጣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ጠዋት ጠዋት ጊዮርጊስን ሳይሳለሙ አይውሉም። ሦስታችንም አሁን የምንተኛው በእሳቸው ክፍል ነው፣ ቁም ሳጥኑን በሩ ላይ አስጠግተን። ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ።

ደብዳቤውን ጸጋይ በእጁ ይሰጥሃል። ብቻህን ሆነህ አንብበው፤ በተለይ አሠሪህ ሉልሰገድ ወይም የሆቴሉ ሰዎች ባሉበት እንዳትከፍተው። በስልክ የነገርኩህ ግማሹን ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አታውቅም፣ ወይም ከእኔ አልሰማህም።

የዚያን ማክሰኞ ጠዋት ዊንታን በመኪናችን አምስት ኪሎ ትምህርት ቤቷ አድርሼ በፒያሳ በኩል ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቴ እየወረድኩ ነበር። ካፊያ ነበር። ቴዎድሮስ አደባባይ ጋ መንገዱ ተዘጋ፤ ጥሩንባ፣ ጩኸት፣ ሰው ይሮጣል። አንድ ሚኒባስ ተከቦ በድንጋይ ሲደበደብ ከሩቅ አየሁና ጠብ መሰለኝ። ትራፊኩ በጎን አሳለፈን፣ ሄድኩ። ሰው መገጨቱን የሰማሁት ከሰዓት ነው። ማታ ቤት ስገባ ደግሞ የተደበደበው ሚኒባስ የጎረቤታችን የመርሻ መሆኑን፣ እሱም መታሰሩን ሰማሁ። እናቱ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው መሬት ያያሉ።

በማግስቱ አንዲት ሻርፕ የለበሰች ወጣት ሱቄ መጣች። ፊርደውስ እባላለሁ አለችኝ። የተገጨው አባቷ ናቸው፤ ጋሽ አብዱልሙሀይሚን። አንተም ታውቃቸዋለህ፣ ሲኒማው አጠገብ መነጽር የሚጠግኑት፣ ያንተንም እጀታ የሠሩልህ። ሆስፒታል ራሳቸውን ስተው ተኝተዋል። እሷ የምትፈልገው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ነው። እየነገረችኝ መጻፍ ጀመርኩ።

«ማክሰኞ ጠዋት ቴዎድሮስ አደባባይ የደረሰውን አደጋ ያየ ሰው ካለ በአላህ፣ በማርያም ብለሽ ጻፊልኝ።»

«ገጪው ተይዟል አይደል እንዴ?» አልኳት።

«ባለሚኒባሱን ይዘዋል። እኔ ጣቢያ ሄጄ አየሁት። እያለቀሰ 'እህቴ፣ እኔ የወደቀ ሰው ላለመንካት ነው ፍሬን የያዝኩት' አለኝ። ይዋሽ አይዋሽ አላውቅም። ማወቅ እፈልጋለሁ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ወረቀቱ ከማሽኑ እየወጣ ሳለ እኔም በዚያ ሰዓት እዚያ እንደነበርኩ ትዝ አለኝ። ያላየሁትን ደግሞ መኪናዋ አይታ ሊሆን ይችላል።

የመኪናዋ ካሜራ እንዴት እንደሚሠራ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ልትሄድ ሰሞን እኔን መሪው ጋ አስቀምጠህ፣ «መኪናዋ ስትነሳ ራሱ መቅረጽ ይጀምራል። አጫጭር አድርጎ እየቆራረጠ ያስቀምጠዋል። ሚሞሪው ሲሞላ ከሁሉም የቆየውን አጥፍቶ በእሱ ቦታ አዲሱን ይቀርጻል። መኪናዋን የሆነ ነገር ከመታት፣ ወይ አንቺ ወዲያው ይህቺን ምልክት ከተጫንሽ፣ ያን ጊዜ የቀረጸውን ለብቻው ይቆልፈዋል፤ የተቆለፈው አይጠፋም» ብለኸኝ ነበር። እኔን ማንም አልመታኝም። ምልክቷንም አልተጫንኩም። ስለዚህ ያ ጠዋት ከሌላው ጠዋት ሁሉ ጋር ተሰልፎ የመጥፊያ ተራውን እየጠበቀ ነበር።

ሱቁን ዘግቼ መኪናዋ ውስጥ ገባሁና ፈለግሁት። አለ። እኔ ወደ ፊት ሳይ የጎኑ ካሜራ ቀርጾታል፤ ጋሽ አብዱልሙሀይሚን ጃንጥላ ይዘው ዜብራው ላይ ናቸው። ከግራ አንዲት ጥቁር ቪኤይት የቆሙትን መኪኖች አልፋ ትመጣለች። ጃንጥላው ይበራል። ቪኤይቷ ትንሽ ፍጥነቷን ትቀንስና፣ ልትቆም ነው ስል፣ ትሄዳለች። የመርሻ ሚኒባስ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ፍሬን ይይዛል፣ ይንሸራተታል፣ ከወደቁት ሰውዬ ፊት ይቆማል። ሰው የሚሮጠው ወደ ቆመው ነው።

ታርጋውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያቺ መኪና አንተን ኤርፖርት የሸኘንባት ናት። እኔና ዊንታ ከኋላ ተቀምጠን ስናለቅስ መሪውን ይዞ «አይዟችሁ፣ እኔ ጋ እስካለ ምን ይሆናል» ሲለን የነበረው ሉልሰገድ ነው። በመስኮቱም ያ ነጭ ባርኔጣው ይታያል።

ስክሪኑን በስልኬ ቀረጽኩትና ያን ማታ ደወልኩልህ። ከመርሻ እናት በፊት፣ ከፖሊስ በፊት፣ ላንተ። መጀመሪያ በር ስትዘጋ ሰማሁ። ከዚያ «ፍዮሪ፣ የማንን እንጀራ እንደምበላ ታውቂያለሽ። ምንም አላየሽም። ዝም ብለሽ ንጂ» አልከኝ። አልተቀየምኩህም። ፈርተህ ነው። እኔም ፈርቼ ነበርና እሺ ብዬህ ዘጋሁት።

በማግስቱ ገና ሱቅ ስከፍት ሉልሰገድ መጣ። ብቻውን፣ በእግሩ። የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ፍዮሪ እህቴ፣ እንዴት ነሽ? ጎይቶም በጣም ጥሩ እየሠራ ነው። ፓስፖርቱን እኔ ነኝ የያዝኩለት፤ አገሩ ሌባ ስለሚበዛበት። አይጠፋም፣ አትስጊ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩት።

«ይቺ ኤሌክትሪክ መኪናሽ እንዴት ናት? ሰው መኪና ይገዛና ያቆማል። መኪና ሲቆም ይበላሻል። ንጂ። ልጅሽን አመላልሺ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ወጣ በይ፣ ሱሉልታ ሂዱ። አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ይረሳል፣ አይደል?»

ፈገግ ብሎ ነበር የሚያወራኝ። ምንም አድርጊ አላለኝም እኮ፣ ጎይቶምዬ። እንደወትሮሽ ኑሪ ነው ያለኝ። ልጄን ትምህርት ቤት ባደረስኩ ቁጥር፣ ገበያ በሄድኩ ቁጥር፣ መርሻ ንጹሕ መሆኑን የሚያሳየው ደቂቃ ወደ መጥፊያው እየቀረበ ይሄዳል። ሲወጣ የተቀመጠበትን ወንበር ወደ ጥግ ገፋሁት። ስለ ካሜራው እኔ ካንተ በቀር ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

በስልኬ የቀረጽኩትን ይዤ ልሂድ ብዬ አሰብኩ። ሱቅ የሚመጡ አንድ ጠበቃ አሉ፣ የራሴን ጉዳይ ሳልነግራቸው ጠየቅኳቸው። «የስክሪን ፎቶ ብቻውን ያከራክራል፤ ዋናው ፊልም ከነቀኑና ከነሰዓቱ ካሜራው ውስጥ መገኘት አለበት» አሉኝ። ስለዚህ መንዳት አቆምኩ። ደጃፍ ላይ ደግሞ ላቆማት አልቻልኩም፤ ቆማም «ጥበቃ» የሚባለው የካሜራው ዘዴ ከበራ ባጠገቧ ያለፈውን ሁሉ ትቀርጻለች፣ ሰፈራችን ውቤ በረሃ ደግሞ ሰው መቼ ያባራል? ጥበቃውን በገዛ እጄ ከስክሪኑ ላይ አጠፋሁት። ወንድሜ ፍትዊ የሚሠራበት አምስት ኪሎ ያለው ግቢ ወሰድኳትና ከኋላ፣ ሰው የማይደርስበት ጥግ አቆምኳት። ለፍትዊም «ትንሽ ተበላሽታለች» ነው ያልኩት። ላንተም አልነገርኩህም።

ከዚያ ዊንታን በእግር ማመላለስ ጀመርኩ። አንድ ቀን ትንሽ ዘግይቼ ስደርስ በሩ ላይ የቸኮሌት ካርቶን ታቅፋ ቆማለች።

«ማነው የሰጠሽ?»

«ጋሼ ሉልሰገድ። አባዬ ልኮልሽ ነው አለኝ። እማዬ፣ ደግሞ 'ዝናብ ነው፣ እናትሽ በመኪና ታመላልስሽ በያት' አለኝ።»

ልኬ ነው ካልክ እሺ፣ አንተ ነህ የላክህላት። እኔ ግን ካርቶኑን ይዤ እስከ ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። የልጄን እጅ ጨብጬ ይዤው ስለነበር «አመመኝ» አለችኝ።

በዚያው ሳምንት ስልኬ ጮኸ። «ፍዮሪ እህቴ፣ አምስት ኪሎ ጥላው ጥሩ ነው? ብቻ ብዙ አታቁሚያት» አለኝ። ከዚያ ሰላም አምሺ ብሎ ዘጋው። ወጥ ቤት ነበርኩ። መብራቱን አጠፋሁት፤ ለምን እንዳጠፋሁት አልገባኝም። ጨለማ ውስጥ ቆሜ ማን ነው ያየኝ፣ ማን ነው የተከተለኝ እያልኩ መንገዱን ሁሉ በሐሳቤ ተመላለስኩበት። መኪናዋ የት እንዳለች የሚያሳይ አፕ ያለው አንድ ስልክ ብቻ፣ እሱም ጁባ ያለው፣ መሆኑ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው። ትዝ ሲለኝም ተውኩት፣ ማሰብ አልፈለግሁም።

አደይ ትብለጽ አገኙኝ። ጨለማው ውስጥ መቆሜን አይተው ምን ሆንሽ ሳይሉኝ አጠገቤ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አፑን ብቻ ትቼ። የልጃቸው ፓስፖርት በማን እጅ እንዳለም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን ይፈቱታል፣ መልሰው ይለብሱታል።

«ልጄ በእጁ ነው» አሉ።

«አዎ፣ አደይ።»

«የመርሻ እናትስ? የእሷ ልጅ በማን እጅ ነው?» ከበርጩማው ተነስተው መብራቱን አበሩት። ከዚያ «ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ። እኔ ካለሁ ሰው ይፈራኛል፣ አሮጊት ነኝ» አሉኝ።

ሲነጋ ዊንታን ለመርሻ እናት ሰጥተን በታክሲ አምስት ኪሎ ሄድን። ያቀድነው መኪናዋን አስነስተን ጣቢያ ልንሄድ ነበር። አደይ ከኋላ ገቡ፣ እኔ መሪው ጋ ተቀምጬ መጀመሪያ ፊልሙ መኖሩን ልይ ብዬ ስክሪኑን ከፈትኩ።

ጥበቃው በርቷል።

ጎይቶምዬ፣ እኔ አጥፍቼው ነበር። ቁልፉ ከቦርሳዬ አልወጣም፣ በሩን ማንም አልከፈተም። ስከፍተው ግን ሚሞሪው ሙሉ በሙሉ በማይረባ ነገር ተሞልቷል፤ ድመት፣ ነፋስ ያወዛወዘው ቅርንጫፍ፣ ፍትዊ ሻይ ይዞ ሲያልፍ፣ እንደገና ቅርንጫፍ። እያንዳንዱ የአንዱን አሮጌ ቦታ ወስዷል። ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄድኩ። ጃንጥላው የበረረበት የለም። ጠፍቷል። አሁን ከሁሉም የቆየው፣ ቀጥሎ የሚጠፋው፣ ሰውዬው ከወደቁ በኋላ ያለው ነው፤ ቪኤይቷ ጀርባዋን ሰጥታ ስትሄድ፣ ታርጋዋ ይታያል፣ የመርሻ ሚኒባስ ገና ከኋላ እየመጣ ነው።

መኪናዋን አስነስቼ ወደ ጣቢያ ብነዳ የመንገዱ ቀረጻ ይህችንም የቀረችውን ይበላታል። ጥበቃውን አጠፋሁ፣ የመኪናዋን ኢንተርኔት ዘጋሁ፣ ሁሉንም አጠፋሁ። በሩ ሲከፈት እንኳን ካሜራው ስለሚነቃ ልንወርድ አልቻልንም። በመስኮቱ ክፍተት ፍትዊን ጠርቼ «ሩጥ፣ የመርሻን ጉዳይ የያዘውን መርማሪ ከጣቢያ አምጣው፣ መኪናዋ አትነሳም በለው» አልኩት። ምን ሆነሻል ሳይለኝ ሄደ።

እኔና እናትህ እዚያ ውስጥ ተቀመጥን። ዝናቡ መጣ። መስታወቱ በትንፋሻችን ደበዘዘ። አደይ ድምፅ ሳያወጡ ይጸልያሉ፣ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። እኔ ጸሎት እንኳን ጠፋኝ። መርማሪው ባይመጣስ፣ መኪናዋ በራሷ ብትነቃስ እያልኩ ጥቁሩን ስክሪን አያለሁ።

መጀመሪያ የመጣው መርማሪው አልነበረም። ጥቁሯ ቪኤይት በሩ ላይ ቆመች። የግቢው ዘበኛ ከፈተላት፤ ማን እንዲህ ላለ መኪና በር ይከለክላል? ሉልሰገድ ወርዶ በዝናቡ ቀስ ብሎ መጣና መስታወቱን በጣቱ ጫፍ መታ መታ አደረገ።

«ፍዮሪ እህቴ፣ ክፈቺ። እንነጋገር። ተበላሽቶ ከሆነ ሰው አለኝ፣ ጎትተን እንወስድልሻለን።»

እጀታውን ሳበው፤ ከውስጥ ቆልፌው ነበር። እንደገና ሳበው፣ አሁን በኃይል። መኪናዋ ተወዛወዘች።

አደይ ከኋላ ወደ መስታወቱ ተጠጉ። የደበዘዘውን በነጠላቸው ጠረጉትና ፊታቸውን አሳዩት። እሳቸው መኖራቸውን አላወቀም ነበር፣ ወደ ኋላ አለ።

«ሉልሰገድ» አሉት፤ ጮክ ብለው አይደለም፣ ልጅ እንደሚጠሩ። «ያን ሽማግሌ በዝናብ ጥለኸው ሄድክ። አባት የለህም?»

«እማማ፣ እርስዎ የማያውቁት ነገር ነው...»

«አውቃለሁ። ልጄም አንተ ጋ እንዳለ አውቃለሁ። ልጄን ብትነካው እግዚአብሔር አለ። አሁን ከበሩ ላይ ሂድልኝ።»

ምን ሊያደርግ እንደነበር አላውቅም። እጁ አሁንም እጀታው ላይ ነበር። ፍትዊና መርማሪው የፖሊስ ፒክአፕ ይዘው በዚያች ቅጽበት ባይገቡ ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ይጽፍልህ ነበር ብዬ አስባለሁ። ሲያያቸው ባርኔጣውን አስተካከለና እኔን ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ መስሎ ቆመ።

ባለሙያ መጥቶ ሚሞሪውን ከነሣጥኑ አወጣው። ታርጋዋ ያለችበት ተረፈች። የጠፋውን፣ ሲገጫቸው ያለውን፣ በስልኬ የቀረጽኩት ተካው፤ ቀኑና ሰዓቱ ከዋናው ጋር ስለገጠመ ተቀበሉት። መርሻ ከትናንት በስቲያ ተፈታ። ድንጋይ የመታው ዓይኑ ታሽጓል፣ ግን ቤቱ ገብቷል፤ እናቱ ደጃፋችን ድረስ መጥተው እግሬ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ያዝኳቸው። ጋሽ አብዱልሙሀይሚን ዓይናቸውን ገልጠዋል፤ ገና አይናገሩም። ፊርደውስ እጄን ይዛ ብዙ አለቀሰች፣ ከዚያ ማስታወቂያዋን ከግድግዳው ላይ ራሷ እየዞረች አነሳችው።

ሉልሰገድ ተይዞ ነበር። በዋስ ወጥቷል። ቁም ሳጥኑ በሩ ላይ የተጠጋው ለዚህ ነው። መንገድ ላይ መኪና ዝግ ሲል ዊንታን ወደ ግድግዳው እጎትታታለሁ። ስልክ ሲጮህ አደይ ቀና ብለው ያዩኛል።

መርማሪው አንድ ነገር ጠይቆኝ ነበር። «ጥበቃው ጠፍቶ ነበር ብለሻል፤ ታዲያ ማን አበራው? ከሩቅ በስልክ ማብራት ይቻላል፣ አፑ ማን ጋ ነው ያለው?» አለኝ። «እኔው ነኝ ያበራሁት፣ አጠፋሁ ብዬ ረስቼው ነው» አልኩት። ጻፈው። ፈረምኩ። እናትህም ያንኑ ነው የሚያውቁት። «አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ያለ ነገር ይረሳል?» ብለው ተቆጥተውኛል። ይቆጡኝ።

አሁን አንተን ነው የምፈራልህ። ሉልሰገድ ወደዚያ ሳይመለስ ውጣ። ጸጋይ ኤምባሲ የሚያውቀው ሰው አለ፣ ፓስፖርትህ ባይገኝም ኤምባሲው በሚጽፍልህ የጉዞ ወረቀት፣ በሊሴፓሴ ትመጣለህ። ልብስህን ተወው፣ ሻንጣ አትያዝ፣ ጸጋይ ሲልህ ብቻ ተነስተህ ሂድ። ቤትህ ነው፣ እናትህ አሉ፣ ልጅህ አለች። ከመጣህ በኋላ እኔና አንተ ቁጭ ብለን የምንነጋገረው አለ፤ እሱ ግን በሕይወት ከተገናኘን በኋላ ነው።

እስከዚያ ስትደውል ስለ መኪናዋ አትጠይቀኝ። ስለ ልጅህ ጠይቀኝ።

እናትህ «ያሳደገችህ እመቤታችን ከክፉ ዓይን ትጋርድህ፣ በወጣህበት እግርህ ወደ ቤትህ ታግባህ» ብለው መርቀውሃል። ዊንታ «ስስቅ ሣይኝ» ብላኝ ነበር፣ ጥርስ የሌላት አድርጌ ሣልኳት፤ ወረቀቱ ውስጥ አለች።

እግዚአብሔር ይጠብቅህ።

የዊንታ እናት፣
ፍዮሪ